አዲሱ ሲስተም በወሩ መጨረሻ ይጀምራል ተብሏል፣ ባክአፑን (መጠባበቂያ ቅጂውን) ግን ማንም መልሶ አይቶት አያውቅም። ልፈርም?

ሰርቨር ክፍል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ። የምሠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ ስሙን ባልጠቅስ ይሻላል። የአይቲ ባለሙያው እኔ ብቻ ነኝ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምጠራው እኔ ነኝ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም እኔ።

ጉዳዬ ይሄ ነው። የባለጉዳዮችን ማህደር በሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚያወጣ አዲስ ሲስተም ተገዝቶልናል። አቅራቢው ጨርሻለሁ ብሏል። በወሩ መጨረሻ ርክክብ አለ፣ በማግስቱ ሥራ ይጀምራል ተብሎ ደብዳቤ ወጥቷል። ሲስተሙ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ደስ ይላል። ድሮ አንድ ማህደር ለማግኘት ግማሽ ቀን አቧራ መብላት ነበር፣ አሁን ስም ትጽፋለህ፣ ይመጣል።

ሐሙስ ዕለት አቅራቢው የላከው ልጅ ሥልጠና ሲሰጥ ቁጭ ብዬ አየሁት። ስድስት ሠራተኛ በአንድ አካውንት ገባ። የተጠቃሚ ስሙ አድሚን። ፓስዎርዱ የመሥሪያ ቤቱ ስምና ዓመተ ምሕረቱ። እንዳይረሱት ብሎ በወረቀት ጽፎ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጠፈላቸው። ሞኒተሩ ያለው ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት አጠገብ ነው። ወጥቼ ከመስኮቱ ውጭ ቆምኩ። ጥርት አድርጎ ይነበባል።

ሰርቨሩ፣ ማህደሩ ሁሉ የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ከኋላ ያለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ጣሪያው አንድ ቦታ ያፈሳል፣ ባልዲ አስቀምጠንበታል። የጅማን ዝናብ ለእናንተ አልነግራችሁም። ባክአፑ የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ጠየቅኩት። «እዚሁ ሰርቨር ላይ ሌላ ፎልደር አለ፣ ማታ ማታ ራሱ ይገለብጣል» አለኝ። መልሳችሁ ከፍታችሁት ታውቃላችሁ? ስለው ዝም አለ።

ለሃላፊዬ ነገርኳቸው። ቅን ሰው ናቸው። ግን «ይሄ ሁሉ ብር ወጥቶበት እንዴት ብዬ ላቁመው? እንጀምረውና ቀስ እያልን እናስተካክለዋለን» አሉኝ። እኔ ደግሞ ርክክብ ኮሚቴው ውስጥ ስሜ አለ። ልፈርም ወይስ አልፈርም? ቀልድ የለውም፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የቆጪ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ፈርም ወንድሜ። አትናደድብኝና፣ እናንተ የአይቲ ሰዎች ሁሌ «ይቆይ» ነው የምትሉት። ወረቀት ደህና ነው ያለህ ማነው?

የአባቴን ማህደር ልንገርህ። አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተገኝቷል። በሁለተኛው ስናገኘው መሃሉ ላይ ያለ አንድ ገጽ የለም። ተቀዷል። የተቀደደበት ጫፍ በክሩ ላይ ቀርቷል፣ በጣቴ ነክቼዋለሁ። ማን ቀደደው? እስከ ዛሬ አልታወቀም። አባቴ በዚያች ገጽ ምክንያት ሦስት ዓመት ተመላልሷል፣ በመጨረሻም ሳይጨርስ አረፈ። ያኔ ኮምፒውተር ቢኖር ኖሮ እያልኩ ነው የምኖረው። ስለዚህ ይጀመር። ጉድለቱ በሥራ ላይ ይታያል።

መዝገብ ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

የቆጪ ልጅ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። የነገርከው እውነት ነው፣ ደርሷል፣ አይቻለሁ። እኔ መዝገብ ቤት 24 ዓመት ሠርቻለሁ፣ እዚሁ ጅማ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ ልጆቼ።

ደህና መዝገብ ቤት ውስጥ ማህደር ዝም ብሎ አይወጣም። የወጪ መዝገብ አለ። ማን ወሰደ፣ መቼ ወሰደ፣ ስንት ገጽ ነበረው፣ ፊርማ። ሲመለስ ገጹ ይቆጠራል። የአባትህ ገጽ የተቀደደው ወረቀት ስለሆነ ሳይሆን ያ ቢሮ ገጽ መቁጠር ስላቆመ ነው። አሁን እዚህ ልጅ የነገረንን ተመልከቱ። ስድስት ሰው በአንድ ስም ይገባል። ነገ አንድ ሰው ገጹን ቢያጠፋው መዝገቡ የሚለው «አድሚን አጠፋው» ነው። አድሚን ማነው? ስድስቱም ነው፣ ማንም አይደለም። ወረቀቱ ቢያንስ የተቀደደ ጫፍ ትቶላችኋል፣ ይሄኛው ያንንም አይተውም።

ሌላ ደግሞ ማህተም አለ። ማህተም ለማንም አይሰጥም። ሃላፊዬ እንኳ «ነይ ስጪኝና ልምታ» ቢሉኝ «ይምጡ እኔ ልምታልዎ» ነበር መልሴ፣ አንድም ቀን አልተቀየሙኝም። ማታ ካዝና ይገባል፣ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ነው፣ ፈቃድ ስወጣ በርክክብ ነው። ፓስዎርድ የሚባለው ነገር ማህተም ነው። መስኮት ላይ ማህተም ለጥፎ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለሃላፊህ እንዲህ ብለህ አስረዳቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሰርቨር ክፍል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ማህተም ነው» ያሉትን ነገ በጠዋት እነግራቸዋለሁ። እኔ እስከ ዛሬ «ሴኩሪቲ፣ ሴኩሪቲ» እያልኩ ነበር የማስረዳቸው።

ኪቶ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እኔ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነኝ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኪቶ ፉርዲሳ ነው የተማርኩት፣ አሁን አዲስ አበባ ሲስተም አድሚን ሆኜ እሠራለሁ። ውይይቱን ሌሊት አንብቤ ጠዋት እየጻፍኩ ነው፣ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባክአፑ እዚያው ሰርቨር ላይ ነው ያልከው ነገር በጣም ነው ያስደነገጠኝ። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እኛ ለደመራ ስንዘጋጅ፣ ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ ያለው የመንግሥት ዳታ ማዕከል ተቃጠለ። መነሻው የዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዝ መሣሪያ) ሊቲየም ባትሪ ነበር። ከ700 በላይ የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ። ጂ ድራይቭ የሚባለው ግን አልተመለሰም። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ፋይላቸውን የሚያስቀምጡበት ነበር፣ 858 ቴራባይት። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ነው ተባለ። ሠራተኞቹ ደግሞ ፋይላችሁን ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን እዚያ አስቀምጡ ተብለው የታዘዙ ናቸው። ኮሪያ ናት እንግዲህ፣ በዲጂታል መንግሥት ከዓለም ፊት ከሚሰለፉት አንዷ። ገንዘብም ባለሙያም ሞልቷታል። እሳቱ ግን ቅጂ የሌለውን ለይቶ በላው።

ስለዚህ በኛ ሙያ 3-2-1 የሚባለው ነገር ዝም ብሎ መፈክር እንዳይመስልህ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ። ለአንተ ይሄ ማለት ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። አንዱ ከሰርቨሩ ይነቀላል፣ ሌላኛው በሌላ ሕንፃ ካዝና ውስጥ ይገባል፣ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። «ይነቀላል» የምትለዋን አስምርባት። ሁሌ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ራንሰምዌር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል።

ራንሰምዌር እኛ ጋ አይመጣም የሚል ካለ ኮስታሪካን ይይ። በ2014 ሚያዝያ ላይ ኮንቲ የሚባል የወንጀል ቡድን የገንዘብ ሚኒስቴራቸው ውስጥ ገባ። የግብርና የጉምሩክ ሲስተም ቆመ፣ ነጋዴው ወደ ወረቀት ተመለሰ፣ ዕቃ ወደብ ላይ ተቆለለ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዙበት ቀን፣ ሚያዝያ 30፣ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። የተማረች ግን ትንሽ አገር ናት፣ ሀብታም ስለሆነች አይደለም የተመረጠችው። በር ክፍት ስለነበረ ነው።

ስለ በር ካነሳን፣ በ2009 ግንቦት ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገር ሲያዳርስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው በሽተኛ ወደ ሌላ ቦታ ልከዋል። የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ሁለት ወር ቀድሞ አውጥቶት ነበር። አፕዴት አልተደረገም፣ ያ ብቻ ነው። አንተ ቢሮ ስንት ኮምፒውተር ነው ዊንዶውስ 10 የሚጠቀመው? ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ነፃ አፕዴቱን አቁሟል። ስንቱስ ነው በክራክ የሚሠራው? የክራክ ማንቂያው ራሱ አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ ብሎ ነው የሚገባው። ሌባን ዘበኛውን አሰናብቱልኝ ካለ በኋላ ቤት ማስገባት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። አቅራቢው ችግር ሲፈጠር ከአዲስ አበባ ሆኖ በምን ይገባል? አኒዴስክ (ከርቀት ሆኖ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ ፕሮግራም) ሰርቨሩ ላይ ተጭኖ ቀርቶ ከሆነ ዛሬውኑ አጥፋው። ሲያስፈልግ አንተ ትከፍታለህ፣ አንተ ፊት ይሠራል፣ ሲጨርስ አንተ ትዘጋለህ።

አጂፕ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ኪቶ የጻፈው ትክክል ነው፣ ግን ጅማን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ይቀራል። እዚህ መጀመሪያ የሚገድልህ ሃከር አይደለም፣ መብራት ነው። እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ባለፈው ክረምት ነጎድጓድ በመታ ጊዜ አንድ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። የኔትወርክ ስዊቹ ተቃጥሏል፣ የሁለት ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ሄዷል። መሬት የሚባል ነገር አልተቀበረለትም። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ሦስተኛው ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም። ስከፍተው ሽቦው ተቆርጦ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ዩፒኤሱን ፈትሽ። ባትሪው ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈው ጩኸት እንጂ ሥራ የለውም። መብራት ሲሄድ ለስንት ደቂቃ ይይዛል? ሰርቨሩ በሥርዓት የሚጠፋበትን ያህል ካልያዘ ዳታቤዙ መሃል ላይ ይቆረጣል። ቆርቆሮውን ደግሞ አንድ ቀን መድቤ በነፃ እመጣልሃለሁ፣ ኸርማታ አካባቢ ከሆነ ደውልልኝ።

አወይቱ ዳር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡25

እኔ ባለጉዳይ ነኝ፣ ሌላ ሙያ የለኝም። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቢሮ ሄድኩ፣ የፋይዳ ካርድሽን ፎቶ አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ አለኝ ሠራተኛው። በራሱ ስልክ ቁጥር። ላኩ ሲባል እንልካለን፣ ምን እናደርጋለን፣ ጉዳያችን አለ። የልጄን የልደት ካርድም ላኩ። ያ ሰው አሁን እዚያ ቢሮ የለም፣ ለቋል ተባልኩ። የልጄ ወረቀት አሁንም ስልኩ ውስጥ ነው። ሲስተም ስትሠሩ ይሄን አስቡበት እባካችሁ። እኛ ነን እዚያ ውስጥ ያለነው።

ሕግ አዋቂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

እህቴ አወይቱ ዳር፣ ያነሳሽው ጉዳይ አሁን ሕግ አለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ለምን እንደሚሰበስብ ማወቅ አለበት፣ ከሚያስፈልገው በላይ መሰብሰብ የለበትም፣ የመጠበቅ ግዴታውም የራሱ ነው። «አቅራቢው ነው የሠራው» ብሎ ከኃላፊነት መውጣት አይቻልም። የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ ቢያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለ። እንግዲህ ጠያቂው ወንድሜ፣ ማን ገብቶ ምን እንዳየ የማይታወቅበት ሲስተም ይዛችሁ በ72 ሰዓት ምን ትናገራላችሁ?

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁም፣ 958/2008፣ ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ግን ፍርድ ቤት ፊት «አድሚን ገባ» የሚል ማስረጃ ይዞ መቅረብ ዋጋ የለውም። ሰው ነው የሚከሰሰው። እትዬ ከኔ በተሻለ አስረድተዋል።

ምክሬ፦ አልፈርምም አትበል። የልዩነት ሐሳብህን በቃለ ጉባኤ አስፍር። በቃል የተነገረ ነገር ነገ የለም። በተጨማሪ መሥሪያ ቤትህ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ደብዳቤ ጽፎ ሲስተሙ እንዲፈተሽ መጠየቅ ይችላል፣ ሥራቸው ነው።

የቆጪ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

እሺ። እትዬ ያሉት ገጽ የመቁጠር ነገር ሌሊቱን ሲመላለስብኝ አደረ። ልክ ናቸው። ግን እኔም የምለው አለኝ። «እስኪስተካከል» ተብሎ ዓመት እንዳይሆን። ቀን ይቆረጥለት። ደግሞ «ሲስተም የለም» ተብለን እንዳንመለስ። ሲስተም ሲቆም በወረቀት የሚቀጥልበት ፎርም መስኮቱ ላይ ይኑር። ከገጠር ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው አለ እኮ፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ የመመለሻ ትራንስፖርቱን ቆጥሮ ነው የሚመጣው። «ሲስተም የለም» ለሱ የአንድ ቀን ሥራና የትራንስፖርት ብር ነው።

ኪቶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

የቆጪ ልጅ፣ በዚህ መቶ በመቶ ተስማምተናል። ሰርቨር ክፍል፣ ከመፈረምህ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርግ። ቅዳሜ ግባና ባክአፑን አውጥተህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው። የአሥር ባለጉዳይ ማህደር ክፈት። ገጽ ቁጠር። ከወረቀቱ ጋር አስተያይ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ስለ ፓስዎርድ ደግሞ፣ በየወሩ ቀይሩ ብለህ አታስጨንቃቸው። ሰው በየወሩ ሲቀይር መጨረሻ ላይ ቁጥር ብቻ ይጨምራል፣ ካልሆነም ይጽፈዋል። ረዥም ይሁን፣ አራት አምስት ቃል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ የሚያስታውሱት። አድሚኑ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ በስልክ አፕ ጨምርበት። የሚመዘግበውና የሚያጸድቀው ሰው ይለያይ። ሰው ሲለቅ ክሊራንስ ከመፈረሙ በፊት አካውንቱ ይዘጋ።

ሰርቨር ክፍል
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገባሁ፣ ማታ 1 ሰዓት ወጣሁ። መዝገብ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ወረቀቶቹን ይዛልኝ አብራኝ ዋለች፣ በዕረፍት ቀኗ።

ባክአፑን አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ መለስኩት። ስም ጻፍኩ፣ መጣ። ቀን መጣ፣ የማህደር ቁጥር መጣ። ደስ አለን። ከዚያ ስካን የተደረገውን ገጽ ለማየት ተጫንኩ። ባዶ። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ባዶ። አሥሩንም ከፈትን። ስማቸው አለ፣ ገጻቸው የለም። ልጅቷ ወረቀቱን እንደያዘች ዝም ብላ አየችኝ።

ምክንያቱን እስካገኘው ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ማታ ማታ የሚገለበጠው ዳታቤዙ ብቻ ነው። ስካኖቹ የሚቀመጡት ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው፣ ያንን ፎልደር የሚነካው ነገር የለም። እነዚያን ገጾች ለመቃኘት አምስት ልጆች አራት ወር ሙሉ ነው ያጎነበሱት። ሰርቨሩ አንድ ቀን ቢቃጠል የባለጉዳዮቹ ስም ዝርዝር ብቻ ነበር የሚቀረን። አቅራቢውም ይሄን አላወቀም ነበር፣ ስደውልለት ከልቡ ደነገጠ።

ለሃላፊዬ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልኩላቸው። መጀመሪያ የማህተሙን ነገር ነገርኳቸው፣ ቀጥሎ የባዶ ገጹን። ትንሽ ዝም አሉና «ነገ ኮሚቴውን ጥራ» አሉኝ። ርክክቡ በሁለት ሳምንት ይገፋል፣ ከዚያ አያልፍም፣ የቆጪ ልጅ ቀን ይቆረጥ ባለው መሠረት። የመጨረሻው ክፍያ ባክአፑ ተመልሶ አሥር ማህደር ገጹ እስኪቆጠር ድረስ አይለቀቅም። ይህ በቃለ ጉባኤ ይገባል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየስሙ አካውንት አወጣለሁ። አኒዴስኩን አጥፍቻለሁ፣ ኪቶ እንዳልከው ተጭኖ ነበር። በቴሌግራም ሰነድ መቀበል የሚከለክል ማስታወቂያም እየጻፍኩ ነው፣ እህቴ አወይቱ ዳር። አጂፕ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ብትመጣ መሰላል አለን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሁለቱ ሃርድ ዲስክ ኢንክሪፕት ይደረጋሉ፣ ማለትም ያለ ምስጢራዊ ቁልፍ እንዳይነበቡ ይቆለፋሉ። ቁልፉን እኔ ብቻ ካወቅኩት ነገ አንድ ነገር ብሆን መሥሪያ ቤቱ የራሱን ማህደር መክፈት አይችልም። ለብዙ ሰው ከሰጠሁት ደግሞ ወደ አድሚኑ ታሪክ ተመለስን። ምን ላድርግ?

መዝገብ ቤት
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡30

ጽፈህ ፖስታ ውስጥ አሽገው። መታሸጊያው ላይ አንተና ሃላፊህ ፈርሙበት፣ ማህተሙም ፊርማችሁ ላይ ይረፍ። ካዝና ይግባ። ከዲስኩ ጋር አንድ ካዝና ውስጥ እንዳታደርገው። በየስድስት ወሩ ሁለታችሁ ባላችሁበት ይታይ፣ ከተከፈተ ማን ለምን እንደከፈተው ይጻፍ። የካዝናውን ትርፍ ቁልፍ እኛ 24 ዓመት ያስቀመጥነው እንዲህ ነው።

ሰርቨር ክፍል
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡40

እንደሱ አደርጋለሁ እትዬ። ከተቻለዎት አንድ ቀን ቢሯችን ብቅ ይበሉልኝ፣ አዲሱን የወጪ መዝገብ ሲስተሙ ውስጥ ሳዋቅር አጠገቤ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። ቡናው በኔ ነው።

መዝገብ ቤት
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

ሐሙስ እመጣለሁ። የድሮውን መዝገብም ይዤልህ እመጣለሁ፣ አምዶቹን ታየዋለህ።